የዘር ቆጠራና የቤተሰብ ፎቶግራፍ

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ዘርን ቆጥሮ ማወቅ ከጨዋነት ምልክቶች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ልጅ አፉን እንደ ፈታ የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም በቃሉ እንዲይዝ ይደረግ ነበር፤ ባይዝ ነውሩ ለልጁ ሳይሆን ለአሳዳጊዎቹ ነበር። ከቅድመ አያት ወዲያ ምንዥላት፣ እንጅላት እየተባለ ይወጣል። የስሞቹ ቅደም ተከተል ከአገር አገር ይለያይ እንጂ፣ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ አይፈጸምም የሚለው ልማድ በሰፊው የጸና ነው። በክርስቲያኑም ሆነ በቤተ እስራኤል ዘንድ ሁለት ወገኖች ለጋብቻ ሲነጋገሩ፣ የዘር ቆጠራ የሚያውቅ ሽማግሌ ሳይጠየቅ ነገሩ አይቆረጥም ነበር።

ዳሩ ግን ይህን ያህል የረዘመ የስም ሰንሰለት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረው በጨዋነትና በጋብቻ ሕግ ኃይል ብቻ አይደለም። ከኋላው ርስት ነበር። በጎጃም፣ በጎንደርና በሰሜን ሸዋ የርስት መብት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት በመወለድ ነበር። መወለዱም በወንድ ቢሆን በሴት ይቆጠራል፤ ስለዚህ አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ከአያሌ አቅኚ አባቶች ይወለዳል። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን በጎጃም በደጋ ዳሞት ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ሲያወጣ አንድ ነገር ግልጥ አድርጎ አሳይቷል፤ ይኸውም ለባለርስቱ የተከፈተው በር ብዙ ቢሆንም በሁሉም በር እንደማይገባ ነው። ከብዙዎቹ አባቶች መካከል የሚያነሣው መሬት ሊያስገኝለት የሚችለውን ነው። የቀሩት ቀስ በቀስ ይረሳሉ።

ይህ ነጥብ የቤተሰብ ታሪክ ለሚጠይቅ ሰው ትልቅ ቁም ነገር አለው። በቃል የተያዘው የዘር ቆጠራ ለትዝታ ተብሎ የተከማቸ ሳይሆን ለሙግት ተብሎ የተጠና ማስረጃ ነበር ማለት ነው። ማስረጃ ደግሞ የሚረታበትን ይይዛል፣ የማይረታበትን ይጥላል። መሬት ያስገኘ አባት ከሞተ 200 ዓመት ቢሆነውም ትናንት የተለየ ያህል ስሙ ይጠራል። ከሩቅ አገር መጥታ ያገባች፣ ለልጆቿ የርስት በር ያልከፈተች አያት ግን በሁለተኛው ትውልድ ስሟ ይደበዝዛል። ሳይወልድ የሞተ አጎት ከቆጠራው ይወጣል፤ የሚያስተላልፈው መስመር የለምና። በሕፃንነታቸው የተቀጠፉት፣ የመነኮሱት፣ አገር ጥለው የጠፉት ሁሉ ዕጣቸው ይኸው ነው። በቤቱ ውስጥ ኖረው፣ ሠርተውና አርጅተው የዘር መብት ያልነበራቸው ሰዎች ግን ከመጀመሪያውም አልተቆጠሩም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ፣ የዘር ቆጠራ ዐዋቂ የነበረው ሽማግሌ ከዳኛ ፊት የሚቆምበት ምክንያት አብሮ ቀረ። አዋጁ ለጭሰኛው ያመጣው ጥቅም ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ የሚነሣው በአዋጁ ያልተጻፈው ውጤት ነው። የሚያጠና ደቀ መዝሙር ያጣ ትምህርት ከመምህሩ ጋር ይቀበራል። ያን ጊዜ የ30 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ከአባቱ አጠገብ ሙግት ሲሰማ የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያውን ዘልቋል። እንግዲህ የቃሉ ማስረጃ በሕይወት የሚገኘው በእነዚህ ሰዎች አንደበት ብቻ ነው፤ ቁጥራቸውም በየወሩ ይቀንሳል።

ፎቶግራፍ ወደ አገሩ የገባው የቃሉ ማስረጃ ገና በሙሉ ኃይሉ ሳለ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የራሱን ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ መጥቶ ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁም እንግሊዝ አገር እንደ ደረሰ በዚያው ዓመት ስመ ጥር በሆነችው በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እጅ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። የሰባት ዓመቱ ልጅ ፊት ለእንግሊዝ ሕዝብ ሲታይ፣ የእናቱ ወገኖች በስሜን ስሙን እንጂ መልኩን የሚያዩበት መንገድ አልነበራቸውም። ይህ መለያየት በኋላም ቀጥሏል። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በምኒልክ አገልግሎት ሳለ ያከማቻቸው ፎቶግራፎች የሚገኙት በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ነው። በውጭ አገር በተከማቹ ብዙ ሥዕሎች ሥር የሚነበበው መግለጫ «የሐበሻ ሹም»፣ «የሸዋ ሴት» ከማለት አያልፍም። ሥዕሉ አለ፤ ስም የለውም። ስሙን የሚያውቀው ቤተሰብ ደግሞ ሥዕሉ መኖሩን አያውቅም።

በአዲስ አበባ ሙያውን ካስፋፉት መካከል አርመኖች ግንባር ቀደም ነበሩ። ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት ካገለገለ በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ወርሰው በተከታዮቹ ነገሥታት ዘመን ቀጥለዋል። በመጀመሪያ ከካሜራ ፊት የሚቀርበው መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ መምህሩና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው ወደ ፎቶ ቤት መሄድ ጀመሩ። ለአያሌው ድኻ ግን የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ፎቶግራፍ ለመታወቂያ ወረቀት የተነሣው ጉርድ ነበር። ሰውየው ሲሞት ያቺው ጉርድ ተፈልጋ፣ ተለቅ ተደርጋ ታትማ ለለቅሶ ትወጣለች። ቀድሞ የሟቹ ፈረስና ጋሻ ይዞት የነበረውን ቦታ ዛሬ ፎቶግራፉ ይዞታል፤ ለቀስተኛው የሚያለቅሰው እርሱን እያየ ነው።

የቀድሞ ዘመን ፎቶግራፍ በየቤቱ ያልበዛው ጥቂት ስለ ተነሣ ብቻ አይደለም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.ና በተከታዮቹ ቀናት አዲስ አበባ ውስጥ ከተቃጠሉት ቤቶች ጋር የጠፋውን የሚቆጥረው የለም። በወረራው ዘመን የመኮንን ልብስ የለበሰ ወይም ጠመንጃ የያዘ ዘመድ ፎቶግራፍ በቤት መገኘቱ ብቻውን ያስጠይቅ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በማዕረግ ልብስ ወይም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተነሡ ሥዕሎች በፍርሃት ከግድግዳ ወርደው ከሣጥን ግርጌ ተደበቁ፤ የተቀደዱና የተቃጠሉም አሉ። አንዳንድ አልበም ሲገለጥ ግማሽ ጎኑ በመቀስ የተቆረጠ ፎቶግራፍ ይገኛል። የተቆረጠው ማን እንደ ነበር ለመጠየቅ ድፍረት ይጠይቃል፤ ነገር ግን ቁራጩ ራሱ የታሪኩ አንድ ምዕራፍ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የፎቶግራፉን ዘመን መለየት ይገባል፤ በዚህ ረገድ ሥዕሉ ከሽማግሌው ይልቅ ይታመናል። ከኋላ የሚታይ ሕንፃ ወይም ሐውልት ጥሩ ምስክር ነው። የምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ዋዜማ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተነሥቶ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆሟል። ስለዚህ ከሐውልቱ ፊት የተነሣ ሰው ወይ በ1923 ዓ.ም.ና በወረራው መካከል፣ ወይ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ተነሥቷል። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ አዳራሽ የታየበት ፎቶግራፍ ከ1953 ዓ.ም. አይቀድምም። ወረቀቱም የራሱን ይናገራል፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ወረቀት ባመዛኙ ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ድረስ የነበረውን ጊዜ ያመለክታል። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ከጀርባው ካለ ሥራው በብዙ ይቀላል።

ከጀርባ የተጻፈ ቀን ሲገኝ ግን ደስታው ጥንቃቄን እንዳያስረሳ ያስፈልጋል። ፎቶ ቤቱን የሚያሠሩት የውጭ ሰዎች ከሆኑ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ሊሆን ይችላል። «1950» የሚለው ቁጥር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ በአውሮፓ ከሆነ ደግሞ 1942 ወይም 1943 ዓ.ም. ነው። በእናቱ ጉልበት ላይ የተቀመጠውን ሕፃን በዚህ ልዩነት የተነሣ ከታላቅ ወንድሙ ጋር የሚያምታቱ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። በወረራው ዘመን ለታተሙ ፎቶግራፎች ደግሞ ሦስተኛ አቆጣጠር አለ። ፋሽስቶች እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1922 ጀምሮ የራሳቸውን ዓመት በሮማውያን ቁጥር ይጽፉ ነበር። በዚህ አቆጣጠር «ዓመት 15» ማለት ከጥቅምት 19 ቀን 1929 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 18 ቀን 1930 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው።

ዘመኑ ከተለየ በኋላ የሚቀጥለው ስም ነው፤ ከባዱ ሥራ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ የቤተሰብ መጠሪያ የሚባል ነገር የለም። ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል፤ ሴቲቱም ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። ስለዚህ አምስት ሰዎች በአንድ ፎቶግራፍ ቢገኙ ከስማቸው ዝምድናቸውን መለየት አይቻልም። ከዚህም ሌላ አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ የለውም። የክርስትና ስም አለው፤ የዓለም ስም አለው፤ ምራት የሆነች እንደ ሆነ አማቷ ያወጣችላት ስም ይኖራል፤ የመነኮሰ እንደ ሆነ የምንኩስና ስም ይጨመራል። ጦረኛው ደግሞ በፈረሱ ስም ይጠራል። (በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦር «ቃኘው» የተባለው በራስ መኰንን የፈረስ ስም በ«አባ ቃኘው» ነው፤ ከኮሪያ በተላኩ ፎቶግራፎች ጀርባ ይህን ቃል ያነበበ የልጅ ልጅ የአያቱ ስም መስሎት ቢያስብ አይፈረድበትም።)

ዘመዶች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት የአክብሮት ስም ከሁሉ የባሰ ያሳስታል። እታለም፣ እትዬ፣ ጋሼ፣ አባባ፣ ወንድምዓለም የሚሉት ስሞች በቤት ውስጥ እውነተኛውን ስም ፈጽመው ይሸፍኑታል። አንዲት አሮጊት ስለ ታላቅ እህታቸው ከሰዓት እስከ ማታ ሊያወሩ ይችላሉ፤ ስማቸው ማን ነበር ሲባሉ ግን «እታለም ነዋ!» ብለው ይደነቃሉ። በስም ጠርተዋቸው አያውቁምና። እንዲህ ባለ ጊዜ ጠያቂው ሌሎች እንዴት ይጠሯቸው እንደ ነበር፣ ካህኑ በጸሎት ስማቸውን ምን ብለው ያነሡ እንደ ነበር፣ እድሩ ላይ በምን ስም እንደ ተመዘገቡ ቢጠይቅ መንገድ ያገኛል። የንስሐ አባትና የእድር ጸሐፊ ለቤተሰብ ታሪክ ያላቸው ጥቅም ከብዙ መዝገብ ይበልጣል። በቀብር ላይ የተነበበች የሕይወት ታሪክ ወረቀትም በአንድ ሰው እጅ ተጣጥፋ ተቀምጣ ትገኝ ይሆናል።

«ወንድም» እና «ልጅ» የሚሉት ቃላትም ሰፊ ናቸው። የአጎት ልጅ ወንድም ይባላል፤ የልጅ ልጅ ልጅ ይባላል፤ የጡት ልጅና የማደጎ ልጅ ከተወለደው ልጅ ሳይለዩ ይጠራሉ። ይህ የሰዎቹ ስሕተት አይደለም። ዝምድናን በደም ብቻ የማይለካ ኅብረተሰብ የሚጠቀምበት ትክክለኛ አነጋገር ነው። ጠያቂው ግን «አብራችሁ ተወለዳችሁ ወይስ አብራችሁ አደጋችሁ?» ብሎ ካልለየ የሚሥለው የትውልድ ሐረግ ይወላገዳል።

ዕድሜን በተመለከተ ዓመት መጠየቅ ብዙ አያስገኝም። ሽማግሌዎች ጊዜን የሚለኩት በሆነው ነገር ነው። «ከክፉ ቀን በኋላ» ሲሉ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብት ያለቀበትንና ሕዝብ የረገፈበትን ጊዜ ማለታቸው ነው፤ ይህም ከወላጆቻቸው የተቀበሉት አነጋገር ነው። «በኅዳር በሽታ ዓመት» 1911 ነው። «አባቴ ሰገሌ ቆስሎ» ካሉ ጥቅምት 1909፣ «ከማይጨው መልስ» ካሉ መጋቢት 1928 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ናቸው። «በታኅሣሥ ግርግር» 1953 ነው። እነዚህን ቀናት በቃሉ የያዘ ጠያቂ ከአንዲት ጨዋታ የሦስት ትውልድ ዕድሜ ሊያወጣ ይችላል።

ፎቶግራፉን አቅርቦ ወዲያው «ይህ ማን ነው?» ማለት የተለመደ አጠያየቅ ነው፤ ደካማም ነው። ሽማግሌው ባያስታውሱ ያፍራሉ፤ እንዳያፍሩም አንድ ስም ይሰጣሉ። ያ ስም ከተሰጠ በኋላ ደግሞ መልሶ መንቀል ያስቸግራል። የሚሻለው ስለ ቦታው መጀመር ነው፤ ይህ የማን ቤት ነው? ያን ቀን ምን ነበር? ክርስትና ነው፣ ሠርግ ነው፣ ሹመት ነው፣ ወይስ መንገደኛ ሊሸኙ ነው? ቤቱና ቀኑ ከተነሡ ሰዎቹ አንድ በአንድ ይከተላሉ። ሁለት ዘመዳሞችን በአንድነት ከመጠየቅም ለየብቻ መጠየቅ ይመረጣል፤ በአንድነት ሲሆን ታላቅየው የተናገረውን ታናሽየው በአክብሮት ያጸናል፤ ልዩነቱ ሳይሰማ ይቀራል። ወንዶቹ የመሬቱን መስመር ያውቃሉ። ማን ማንን እንዳጠባ፣ የትኛዋ ልጅ ከማን ቤት እንዳደገች፣ የትኛው ጋብቻ በምን እንደ ፈረሰ የሚያውቁት ግን ባመዛኙ ሴቶቹ ናቸው። የቀድሞው ዳኛ እነዚህን ነገሮች አልጠየቀም ነበር፤ የዛሬው ጠያቂ ግን ከዚህ መጀመር አለበት።

አንድ ሌላም ጥንቃቄ አለ። አንድ ፎቶግራፍ 50 ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ላይ ከታየ፣ ሽማግሌው የሚያስታውሱት ሰውየውን መሆኑ ቀርቶ ፎቶግራፉን ይሆናል። «አያታችን ረጅም ነበሩ» ይባላል፤ ሥዕሉ በደንብ ሲታይ ግን ሰውየው ከደረጃ ላይ ቆመዋል። «ሁልጊዜ ካባ ይለብሱ ነበር» ይባላል፤ ካባው ለፎቶግራፉ ሲባል ከጎረቤት የተዋሱት ሊሆን ይችላል። ፎቶግራፍም ሊዋሽ እንደሚችል የሚያስታውስ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1908 እና በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን በእስላም ልብስ የሚያሳይ ፎቶግራፍ መሰራጨቱ ሲነገር ኖሯል፤ ሥዕሉ በቅንብር የተሠራ ነው የሚል አስተያየትም በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ በተደጋጋሚ ተሰንዝሯል። በመንግሥት ላይ የደረሰው በቤተሰብ ላይ አይደርስም ማለት አይቻልም፤ ተለያይተው የተነሡ ባልና ሚስት በፎቶ ቤቱ ጥበብ ጎን ለጎን እንዲቀመጡ የተደረገበት ጊዜ አለ።

ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ የተነሡት የትልልቅ ቤቶች ፎቶግራፎች አሠላለፍ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። አባወራው ከመካከል በወንበር ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው በአጠገባቸው ናቸው። ወንዶች ልጆች ከኋላ ቆመዋል፤ ሕፃናቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ዳር ሲኬድ ሌሎች ሰዎች ይታያሉ፤ ሕፃን ያዘለች ልጃገረድ፣ ጠመንጃ የያዘ አሽከር፣ የፈረስ ልጓም የጨበጠ ወጣት፣ ከበሩ ጥላ ሥር ግማሽ ፊቷ ብቻ የሚታይ ሴት። ስለ መካከለኞቹ ሲጠየቅ መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ እነርሱ በዘር ቆጠራው ውስጥ አሉና። ወደ ዳሩ ሲደርስ ንግግሩ ያጥራል። «ሞግዚት ናት»፣ «የቤት ሰው ነው»፣ «እሷ እንኳ አብራን ያደገች ናት» ይባላል።

«አብራን ያደገች» የሚለው አባባል ብዙ ነገር ይሸፍናል። የሙት ልጅ ተሰብስባ ያደገች ዘመድ ልትሆን ትችላለች። ለማደግ የተሰጠች የጭሰኛ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ከባርነት ወገን ልትሆንም ትችላለች፤ ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክለው አዋጅ የወጣው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነውና፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ጥቂት ዓመት ከዚያ በኋላ በተነሡ ፎቶግራፎች ዳር የቆሙት አንዳንዶቹ ተገዝተው የመጡ ወይም ከተገዙት የተወለዱ መሆናቸው የሚያጠራጥር አይደለም። የቤቱ ልጆች ይህን ያውቃሉ፤ መናገሩን ግን እንደ ነውር ይቆጥሩታል። ነውሩ የማን እንደ ሆነ መለየት የተሳናቸውም ይመስላል።

እነዚህ ሰዎች በዘር ቆጠራ የሉም፤ በርስት ሙግት መዝገብ የሉም፤ በኑዛዜ ላይ ቢገኙ «ለአገልጋዬ» ተብለው ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ግን መርጦ ማስወጣት አልቻለም ወይም አላሰበበትም፤ ብርሃኑ ከባለርስቱ ፊት ላይ እንዳረፈ ከእነርሱም ፊት ላይ ዐርፏል። በዚህ አንድ ነገር ፎቶግራፉ ከቃሉ ማስረጃ ይበልጣል። ያቺ ሕፃን አዝላ የቆመች ልጃገረድ በኋላ አግብታ፣ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ ሊሆን ይችላል። የልጅ ልጆቿ ዛሬ የአያታቸውን መልክ ቢፈልጉ የሚያገኙበት ብቸኛ ቦታ የሌላ ቤተሰብ ግድግዳ ነው። የሚያሳያቸው ሰው ካልተገኘ መኖሩን እንኳ አያውቁም። ስለዚህ የቤተሰብ ታሪክ ጠያቂ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር ከሚሄድ ይልቅ ከዳር ጀምሮ ወደ መካከል ቢመጣ ይሻላል። መካከሉን ሌላ ሰውም ሊናገር ይችላል፤ ዳሩን የሚያውቁት አንድ ሁለት አረጋውያን ብቻ ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሙያ ማኅበሩ አባላት ድርሻ ከፍ ያለ ነው። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከያዙት ባሻገር፣ የአገሪቱ ፎቶግራፍ ብዛቱ የሚገኘው በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የተነሡትን ሰብስቦ በማሳየቱ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ከየቤተሰቡ አልበም የተሰበሰቡ ፎቶግራፎች በመጽሐፍ ወጥተው ሕዝቡ የራሱን ሣጥን እንዲከፍት አነሣሥተዋል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው መሰብሰቡ ሳይሆን መመዝገቡ ነው፤ ያልተመዘገበ ፎቶግራፍ ቢያምርም ዲዳ ነው።

አልበሙ ዛሬ በአንድ አገር እንኳ አይገኝም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በእግር ወደ ሱዳን የወጡት አልበም ይዘው አልወጡም። ከዚያ አስቀድመው በትምህርት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ለሄዱት ግን ወላጆቻቸው በየጊዜው በፖስታ ፎቶግራፍ ይልኩላቸው ነበር። አገር ቤት የቀረው ሲጠፋ በዋሽንግተን ወይም በሮም በአንድ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ተርፏል። አሁን አንድ ፎቶግራፍ በእጅ ስልክ ተነሥቶ በደቂቃ ውስጥ ባሕር ይሻገራል፤ ይህ ቤተሰቦችን ያገናኘ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ላኪዎቹ የሚያነሡት ፊቱን ብቻ ነው። «ለውድ እህቴ ለማስታወሻ» የሚለው ጽሑፍ፣ ቀኑና የፎቶ ቤቱ ማኅተም ያለው ከጀርባው ነው። ጀርባው ሳይነሣ የተላለፈ ፎቶግራፍ በደረሰበት አገር ሌላ ስም የለሽ የሐበሻ ሥዕል ይሆናል።

አያያዙን በሚመለከት ጥቂት ቃል ይበቃል። ከፊቱ ላይ በቀለም ስም መጻፍ አይገባም፤ በጀርባው በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ መጻፍ ይቻላል። ሙጫ ባለው ገጽ ላይ ተለጥፎ በላስቲክ የሚሸፈነው አልበም ፎቶግራፉን ከጊዜ ብዛት ያበላሸዋል፤ ተጣብቆ ከሆነም በጉልበት መላቀቅ የለበትም፣ ከነገጹ ይነሣ። ከመስታወት ጋር የተጣበቀውም እንዲሁ ነው።

ምዝገባው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከፊት ረድፍ ጀምሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ቁጥር ትይዩ ስሙ፣ ስሙን የተናገረው ሰው፣ የተናገረበት ቀን ይጻፋል፤ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ስም ቢሰጡ አንዱ አይሠረዝም፣ ሁለቱም ይያዛሉ። ስም ያልተገኘላቸው ቁጥራቸው አይዘለልም። «ቁጥር 11፣ በስተቀኝ ዳር፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ሕፃን ያዘለች፤ የሕፃኑ ስም ታውቋል፣ የእርሷ አልታወቀም» ተብሎ ይጻፍና ትይዩው ያለው መስመር ባዶውን ይተዋል።